ከቀን የሚያጥሩና ከቀን የሚረዝሙ የሰውነታችን ሰዓቶች

በዚህ ዓመት የታሪክ ጽሑፋችን ስለ ነገሥታትም ሆነ ስለ ጦርነት አንጽፍም። የምንጽፈው ሁላችንም ይዘነው ስለምንዞረው ነገር ነው፤ ሰውነታችን ጊዜን እንዴት እንደሚቆጥርና ሰዎች ይህን እንዴት እንደደረሱበት። ወላጆችም ልጆችም አብራችሁ ብታነቡት ደስ ይለናል፤ መጨረሻ ላይ የምንጠይቃችሁ ነገር አለና።

«ሰውነት የራሱ ሰዓት አለው» ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ቀንና ሌሊትን ነው። ሲመሽ እንቅልፍ ይመጣል፣ ሲነጋ እንነቃለን። ለዚህ ሰዓት ፍራንዝ ሃልበርግ የተባለ፣ ሩማንያ ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ የሠራ ሐኪም በ1959 ሰርካዲያን የሚል ስም አውጥቶለታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን «አንድ ቀን ገደማ» እንደማለት ነው። ግን ሰውነታችን ያለው ይሄ አንድ ሰዓት ብቻ አይደለም። በደቂቃዎችና በሰዓታት የሚመላለሱ ዑደቶች አሉት፤ እነሱ አልትራዲያን ይባላሉ። በሳምንታት፣ በወር፣ በዓመት የሚመላለሱም አሉ፤ እነሱ ደግሞ ኢንፍራዲያን ይባላሉ።

አሁኑኑ አንድ ነገር ሞክሩ። አንዱን የአፍንጫችሁን ቀዳዳ በጣት ዝጉና ተንፍሱ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ከሁለቱ አንዱ ይበልጥ ክፍት አይደለም? ጉንፋን አይደለም፣ አትስጉ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ድጋሚ ብትሞክሩ በብዙ ሰው ላይ ተራው ተቀይሮ ይገኛል። ይህን ነገር በ1895 ሪቻርድ ካይዘር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ጽፎታል። የሰው ልጅ ከተፈጠረ ጀምሮ በዚሁ አፍንጫ ሲተነፍስ ኖሯል፤ ግን ቁጭ ብሎ ያየው ጥቂት ሰው ነው። የእነዚህ ሰዓቶች ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ታግሰው የቆጠሩ ሰዎች ታሪክ ነው። ሳይታገሡ የቆጠሩም አሉ፤ የእነሱንም እንነግራችኋለን።

ሚዛን ላይ የኖረው ሐኪም

ከአራት መቶ ዓመት በፊት ጣልያን አገር፣ ፓዱዋ በምትባል ከተማ ሳንቶርዮ ሳንቶርዮ የሚባል ሐኪም ነበር። ይህ ሰው ከትልቅ ሚዛን ላይ ወንበር አንጠለጠለና እዚያ ላይ እየተቀመጠ ራሱን መመዘን ጀመረ። የሚበላውን ይመዝናል፣ የሚጠጣውን ይመዝናል፣ ከሰውነቱ የሚወጣውንም ይመዝናል። አንድ ሳምንት ወይም አንድ ወር አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ያህል! ማወቅ የፈለገው በላብና በትንፋሽ፣ ዓይናችን ሳያየው ከሰውነታችን ምን ያህል እንደሚወጣ ነበር። ያገኘውን በ1614 በመጽሐፍ አሳተመ።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመን በመጽሐፉ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ጤነኛ ወንዶችም ቢሆኑ በየወሩ ክብደታቸው በትንሹ ከፍ ብሎ ተመልሶ እንደሚወርድ ጽፏል። ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው፣ ግማሽ ኪሎ ወይም አንድ ኪሎ ቢሆን ነው። አንድ ቀን ብቻ የተመዘነ ሰው ይህን አያየውም። ከቀን የሚረዝም ነገርን ለማየት ከቀን የሚረዝም ትዕግሥት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ቁጥር ያሳሳተው ሐኪም

ከሳንቶርዮ ብዙ ዘመን በኋላ በርሊን ውስጥ ቪልሄልም ፍሊስ የሚባል የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ተነሣ። የዚግመንድ ፍሮይድ የቅርብ ጓደኛ ነበር። ፍሊስ የሴት የወር አበባ 28 ቀን ከሆነ ወንዶችም የራሳቸው ዑደት ይኖራቸዋል ብሎ አሰበና 23 ቀን ነው አለ። ቀጥሎም በሽታም፣ ልደትም፣ ሞትም በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች እንደሚመሩ አስተማረ። ፍሮይድ ራሱ አምኖት ስለነበር 28 እና 23 ሲደመሩ 51 ስለሚሆኑ በ51 ዓመቴ እሞታለሁ ብሎ ይፈራ ነበር። የሞተው ግን በ1939 በ83 ዓመቱ ነው።

ታዲያ ስህተቱ ምን ላይ ነው? ባግሩት የምትማሩ ልጆች እስቲ ይህን ሥሩ። 23 በ11 ሲባዛ 253 ይሆናል። 28 በ9 ሲባዛ 252 ይሆናል። ልዩነታቸው 1 ነው። 1ን ካገኛችሁ ደግሞ 2ንም፣ 3ንም፣ 51ንም፣ የፈለጋችሁትን ቁጥር ሁሉ ታገኛላችሁ። ፍሊስ እያባዛ፣ እየደመረና እየቀነሰ ስለነበር የማንኛውንም ሰው ልደት፣ ሕመምና ሞት ከሁለቱ ቁጥሮች ጋር ማስማማት ይችል ነበር። ምስጢሩ ያለው በሰውነት ውስጥ ሳይሆን በሒሳቡ ውስጥ ነበር። አሜሪካዊው የሒሳብ ጸሐፊ ማርቲን ጋርድነር በ1966 ይህን ገልጦ አሳየ።

ያም ሆኖ ነገሩ አልሞተም። ሌሎች ሰዎች 33 ቀን የሚል ሦስተኛ ቁጥር ጨመሩበትና በ1970ዎቹ «ባዮሪትም» በሚል ስም በዓለም ዙሪያ ተሸጠ። በተወለድክበት ቀን ተነሥቶ ዛሬ ጎበዝ ትሁን ሰነፍ የሚነግር መሣሪያ ሁሉ ወጣለት። ተመራማሪዎች ከአደጋ መዝገቦች ጋር ሲያስተያዩት ምንም አላገኙበትም። ዛሬም በስልካችሁ ላይ እንደዚህ ያለ ነገር ሊመጣላችሁ ይችላልና ፍሊስን አስታውሱ። ቁጥር መኖሩ ብቻውን እውነት አያደርገውም።

በዋሻ ውስጥ የ28 ሰዓት ቀን

አሁን ደግሞ ወደ ትዕግሥተኞቹ እንመለስ። ናትናኤል ክላይትማን በ1895 በኪሺኔቭ ከተማ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ተሰዶ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የእንቅልፍ ተመራማሪ ሆነ። በዚያን ጊዜ እንቅልፍን ሥራዬ ብሎ የሚያጠና ሰው እምብዛም አልነበረም።

በ1938 ክላይትማን ብሩስ ሪቻርድሰን ከሚባል ተማሪው ጋር ኬንታኪ ውስጥ ያለ ማሞዝ የሚባል ትልቅ ዋሻ ውስጥ ገቡና 32 ቀን ተቀመጡ። ዋሻው ውስጥ ፀሐይ የለም፣ ሙቀቱም አይለዋወጥም። እዚያ ሆነው ቀናቸውን 28 ሰዓት አደረጉት። ለምን 28? ሰባት ጊዜ 24 የሚሆነው 168 ነው፤ ስድስት ጊዜ 28 ም 168 ነው። ስለዚህ ስድስት ቀን ያለው ሳምንት ኖሩ ማለት ነው። ሰውነት ቀኑን የሚያገኘው ከልማድ ከሆነ አዲሱን ልማድ መቀበል አለበት ብለው ነበር የገቡት። ወጣቱ ሪቻርድሰን ለመደው፤ የሰውነቱ ሙቀት በ28 ሰዓት ከፍና ዝቅ ማለት ጀመረ። ከእሱ በሃያ ዓመት ገደማ የሚበልጠው ክላይትማን ግን አልቻለም፤ ሰውነቱ እምቢ ብሎ በ24 ሰዓት ቀጠለ። ሁለት ሰው ብቻ ስለሆነ ከዚያ ብዙ መደምደም አይቻልም። ነገር ግን ሰው ራሱን አስገዝቶ እንዲህ ሲመረምር ሥራው ክብር ያለው ነው።

ትልቁ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የክላይትማን ሌላ ተማሪ ዩጂን አዘሪንስኪ የገዛ ልጁን፣ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ሌሊት አስተኝቶ የዓይኑን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ይከታተል ነበር። ልጁ ተኝቶ እያለ ዓይኑ በተዘጋ ቆብ ስር በፍጥነት ሲንቀሳቀስ መሣሪያው መዘገበ። አዘሪንስኪ መጀመሪያ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ነበር። አልተበላሸም። በ1953 እሱና ክላይትማን ይህን አሳተሙ። ዊልያም ዴመንት የሚባል ሌላ ተማሪም ተጨመረና በ1957 ይህ ብዙ ሕልም የሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ በየ90 ደቂቃው ገደማ እየተመላለሰ እንደሚመጣ አሳዩ። ሌሊት ተኝተን ሞተን የምናድር ይመስለናል እንጂ እንቅልፋችን ውስጥ አራት አምስት ጊዜ የሚወጣና የሚወርድ ሞገድ አለ።

ክላይትማን ከዚህ ተነሥቶ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። ይህ የ90 ደቂቃ ሞገድ ጠዋት ስንነሣ ያቆማል ወይስ ቀንም ይቀጥላል? ቀንም ይቀጥላል፣ ንቃታችንም በዚያው ልክ ከፍና ዝቅ ይላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። የሌሊቱ ማስረጃ ጠንካራ ነው። የቀኑ ግን ደከም ያለና ከሰው ሰው የሚለያይ ነው። ስለዚህ «በየ90 ደቂቃው ካረፍክ ጎበዝ ትሆናለህ» የሚላችሁን ሰው በጥንቃቄ ስሙት። ክላይትማን ራሱ እስከ 104 ዓመቱ ኖሮ በ1999 አረፈ።

ሰባት ደቂቃ መተኛት፣ አሥራ ሦስት ደቂቃ መንቃት

የዚህ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው እዚሁ አገራችን፣ ሃይፋ ላይ ነው። በቴክኒዮን የእንቅልፍ ላቦራቶሪ ያቋቋመው ፕሮፌሰር ፔሬጽ ላቪ (ኋላ ከ2009 እስከ 2019 የቴክኒዮን ፕሬዚዳንት የነበረው) አንድ አስቸጋሪ ሙከራ አወጣ። ወጣቶችን ላቦራቶሪ አስገብቶ ቀኑን በ20 ደቂቃ ከፋፈለው። ሰባት ደቂቃ አልጋ ላይ ሆነው ለመተኛት ይሞክራሉ፣ አሥራ ሦስት ደቂቃ ነቅተው ይቀመጣሉ። ከዚያ እንደገና ሰባት፣ እንደገና አሥራ ሦስት። ይህ ሌሊትም ቀንም ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

በዚህ መንገድ ሰውነት መቼ እንቅልፍን እንደሚቀበል መቼ እንደማይቀበል በደቂቃ ለመቁጠር ቻለ። ቀን ላይ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚመላለስ ትንሽ ሞገድ አየ። ከሰዓት በኋላ አንድ የእንቅልፍ ጊዜ እንዳለም አየ፤ ከምሳ በኋላ የሚያንቀላፉ አባቶች ሰነፎች አይደሉም ማለት ነው። በ1986 ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ ከሁሉ የሚገርመውን አመጣ። ሰው ከለመደው የመኝታ ሰዓት በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት፣ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ እንኳን ቢሆን፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ላቪ ይህን ጊዜ «እንቅልፍ የተከለከለበት ክልል» አለው። ከዚያ በኋላ በድንገት በር እንደተከፈተ ያህል እንቅልፍ ይገባል፤ ይህንንም «የእንቅልፍ በር» ብሎታል።

ይህ ነገር ለእኛ ቤት ለቤት የሚደርስ ነው። ሌሊት ለሽሚራ የሚነሣ ወታደር በጊዜ ገብቼ ልተኛ ብሎ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ ያመሻል። ጎህ ሳይቀድ ለሥራ የምትወጣ እናትም እንደዚሁ። ከፈተና በፊት የነበረች ማታ እንቅልፍ አልወስድ ያለው ልጅም እንደዚሁ። ሁሉም «ምን ሆኜ ነው?» ይላሉ። ምንም አልሆኑም፤ በሩ ገና ስላልተከፈተ ነው።

ዓመቱን የሚያህል ዑደት

ከደቂቃ ወደ ዓመት እንለፍ። ኖርማን ሮዘንታል ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ በ1976 የሄደ የአእምሮ ሐኪም ነው። ያደገበት ጆሃንስበርግ ፀሐይ የሚበዛበት ነው። ኒው ዮርክ ሲደርስ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ኃይሉ ሲደክም፣ ፀደይ ሲመጣ ሲመለስለት ተሰማው። በ1984 ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በየዓመቱ በክረምት እየተመላለሰ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት እንዳለ ጻፈ፤ በብርሃንም ማከም እንደሚቻል አሳየ። ይህን ዑደት ለማየት የረዳው ስደተኛ መሆኑ ይመስለናል። እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው «ክረምት እንዲህ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር።

ወላጆቻችንም በሰውነታቸው ይህን ለውጥ አይተውታል። ጎንደር አካባቢ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው አንድ ሰዓት ተኩል እንኳን አይሞላም። ፀሐይ መግባትና መውጣቷ ዓመቱን ሙሉ በሰዓቷ ስለሆነ ነው አባቶቻችን ሰዓትን ከፀሐይ መውጣት ጀምረው «አንድ፣ ሁለት» እያሉ የሚቆጥሩት። እዚህ እስራኤል ግን ልዩነቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። በታኅሣሥ በጊዜ ይጨልማል። አገር ሲቀየር የሰማዩ ሰዓትም ይቀየራል፤ ይህን ማንም በኡልፓን አላስተማራቸውም።

የወሩ ሰዓት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደረስን። ከቀን ከሚረዝሙት ዑደቶች ሁሉ ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ ግን ጥቂት ሰው አፍ አውጥቶ የሚናገረው የወር አበባ ነው። ወንዶች ወንድሞቻችን ገጹን እንዳትገለብጡ፤ እናታችሁም እህታችሁም እዚህ ውስጥ አሉ።

በ1873 ኤድዋርድ ክላርክ የሚባል፣ በሃርቫርድ ያስተማረ አሜሪካዊ ሐኪም መጽሐፍ ጻፈ። ሴት ልጅ እንደ ወንድ አጥብቃ ከተማረች በወር አበባዋ ጊዜ ሰውነቷ ይጎዳል፣ መካን እስከመሆን ትደርሳለች አለ። ብዙ ሰው ተቀበለው። ሜሪ ፑትናም ጃኮቢ የምትባል የኒው ዮርክ ሐኪም ግን «ቆጥረሃል ወይ?» የምትል ሴት ነበረች። አንድ ሺህ መጠይቅ አዘጋጅታ ላከች፤ 268 ሴቶች መለሱላት። የልብ ምትንና የሰውነት ሙቀትን ወሩን ሙሉ ለካች። የሴት ሰውነት በወር አንድ ጊዜ የሚታመም ነገር ሳይሆን ወሩን ሙሉ ቀስ እያለ የሚወጣና የሚወርድ ሞገድ ያለው መሆኑን አሳየች። ጤነኛ ሴት በዚያ ምክንያት ከትምህርትም ከሥራም መቅረት የለባትም አለች። በ1876 ይህ ጽሑፏ የሃርቫርድን ቦይልስተን ሽልማት አሸነፈ። ያኔ ሃርቫርድ ሴት ተማሪ በሕክምና ትምህርት ቤቱ አይቀበልም ነበር!

እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ብዙ ሐኪሞች እንቁላል የሚወጣው በደሙ ቀን ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጃፓን፣ ኒጋታ ከተማ፣ ኪዩሳኩ ኦጊኖ የሚባል ሐኪም የቀዶ ሕክምና ሲሠራ ያየውን ከሴቶቹ የወር አበባ ቀን ጋር እያስተያየ መዘገበ። በ1924 እንቁላል የሚወጣው ቀጣዩ የወር አበባ ሊመጣ ከ12 እስከ 16 ቀን ሲቀረው ነው አለ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሄርማን ክናውስ የሚባል ኦስትሪያዊ ሐኪም በራሱ መንገድ ተመሳሳይ ነገር አገኘ። ቁልፉ ወደፊት ሳይሆን ወደ ኋላ መቁጠሩ ላይ ነበር። ዑደቱ ከሴት ሴት፣ ከወር ወር ስለሚለያይ (ከ21 እስከ 35 ቀን በአዋቂ ሴት የተለመደ ነው) ይህን ቆጥሮ ከእርግዝና ለመጠበቅ መሞከር ግን ብዙ ሰው አሳስቷል።

ቀጥሎ የምንነግራችሁ ነገር እኛን ራሳችንን በጣም ያስገረመን ነው። በ1978 አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ውስጥ ኧርንስት ክኖቢልና ባልደረቦቹ በዝንጀሮዎች ላይ ሠሩ። የወሩን ዑደት የሚያስነሣው ከአንጎል የሚወጣ ሆርሞን ነው። ይህን ሆርሞን ሳያቋርጡ ሲሰጧቸው ሥራው ቀጥ አለ። በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ምት፣ ሲሰጧቸው ግን ሥራው ተመለሰ። አያችሁ? የወሩ ረጅም ሰዓት የሚሠራው በአንድ ሰዓት ምት ነው። ከቀን የሚያጥረው ምት ከቀን የሚረዝመውን ይሸከመዋል።

የሚቆጥሩት እናቶቻችን

ሳንቶርዮ፣ ክላይትማንና ኦጊኖ ስማቸው በመጽሐፍ ተጽፏል። እኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ግን ስማቸው ሳይጻፍ ለብዙ ትውልድ ይህን ሰዓት ሲቆጥሩ የኖሩ ሰዎች አሉ፤ እናቶቻችንና አያቶቻችን።

የቤተ እስራኤል መንደር ዳር ላይ የደም ጎጆ ወይም የመርገም ጎጆ የሚባል ቤት ነበር። ዙሪያው በድንጋይ ይከበባል። ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ እንደ ኦሪት ሕግ ወደዚያ ትሄዳለች፤ ምግብ ሌሎች ያመጡላትና ሳይነኳት ድንጋዩ አጠገብ ያስቀምጡላታል። ሰባት ቀን ትቆጥራለች። በሰባተኛው ቀን ወንዝ ወርዳ ልብሷንም ገላዋንም ታጥባ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ስትወልድ ደግሞ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ትቆጥራለች። የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ የለም፣ ስልክ የለም፤ ግን ቀን አይጠፋባትም።

ወደዚህ አገር ሲመጣ ለዚያ ጎጆ ቦታ አልነበረም። በመርካዝ ክሊታ ሕንፃ ውስጥ የት ይሠራል? አንዳንድ እናቶች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለየት ያለ ክፍል ፈልገዋል። ቆጠራውም ሌላ ሆኖ ጠበቃቸው፤ እዚህ ባለው የረቢዎች ሥርዓት ደሙ ከቆመ በኋላ ሰባት ንጹሕ ቀን ተቆጥሮ ሚክቬ ይኬዳል። ከዚያ ወዲህ ስለ ደም ጎጆ የምንሰማው ሁለት ዓይነት ወሬ ነው። አንዱ «ኋላ ቀርነት ነበር» ይላል። ሌላው «ሴቶቹ አብረው ስለሚቀመጡ በጨረቃ ልክ አንድ ላይ ነበር የሚመጣባቸው» እያለ ያሳምረዋል።

ሁለተኛውን ወሬ ሳይንስ መርምሮታል። በ1971 ማርታ መክሊንቶክ የምትባል ተመራማሪ አብረው የሚኖሩ የኮሌጅ ልጃገረዶች የወር አበባቸው እየተቀራረበ ይመጣል ብላ ጻፈች፤ ወሬው በዓለም ሁሉ ተሰማ። ቤቨርሊ ስትራስማን የምትባል ሌላ አሜሪካዊት ግን ማሊ አገር፣ ዶጎን የሚባል ሕዝብ ዘንድ ሄደች። ዶጎኖች እንደ እኛ የወር አበባ ጎጆ አላቸው። እሷም ማን መቼ እንደገባ ለ736 ቀን መዘገበች። ያገኘችው፣ ሴቶቹ አንድ ላይ አልሄዱም፤ ጨረቃንም አልተከተሉም። እያንዳንዷ በራሷ ሰዓት ነበር የምትመጣው።

ሌላም ነገር አገኘች። የዶጎን ሴት ቶሎ ስለምትወልድና ረጅም ጊዜ ስለምታጠባ በዕድሜዋ ሙሉ የወር አበባ የምታየው መቶ ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ነው። የዛሬ ከተሜ ሴት ግን አራት መቶ ጊዜ ገደማ ታያለች። የእኛም አያቶች ብዙ ልጆች ወልደው እያጠቡ ነው የኖሩት። ስለዚህ ያ ጎጆ በየወሩ የሚኬድበት ቦታ አልነበረም ማለት ነው፤ በእርግዝናና በማጥባት መካከል የሚኬድበት እንጂ። የልጅ ልጆቻቸው ሰውነት ዛሬ በሌላ ቆጠራ እየኖረ ነው።

አንደኛውን ወሬ ደግሞ የሚመልሱት እናቶቻችን ራሳቸው ናቸው። ብርዱንና ብቸኝነቱን የሚያስታውሱ አሉ። ከእህል መፍጨትና ከውኃ መቅዳት ያረፉበትን፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር የተጫወቱበትን ጊዜ የሚያስታውሱም አሉ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ይዘን አንዱን መጣል የለብንም። እኛን ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን አንድ ነገር ነው። ጎጆው ውስጥ አንዲት ልጅ መጀመሪያ ጊዜ ስትገባ «ይሄ ልክ ነው ወይ?» ብላ የምትጠይቀው ትልቅ ሰው ማግኘት ትችል ነበር። ዛሬ ያቺ ልጅ የመታጠቢያ ቤት በር ዘግታ ስልኳን ነው የምትጠይቀው። እናትየው ታፍራለች፤ ቃሉንም በዕብራይስጥ አታውቀውም። ልጅቷ ታፍራለች፤ ቃሉንም በአማርኛ አታውቀውም። ሕመሙ ከትምህርት ቤት የሚያስቀራት፣ ወይም ሦስት ወር የቀረባት ልጅ ኩፓት ሆሊም ሄዳ ሐኪም ማየት እንዳለባት የሚነግራት ሰው ሳይኖር ቤት ውስጥ ሁሉም ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ከየት መጣ? ከጎጆው አልመጣም፤ ጎጆው ለሁሉም የሚታይ ነበር።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ እንጠይቃችኋለን ያልነው ይህ ነው። በዚህ ዓመት ሴት ልጆች ከእናታችሁ፣ ከአክስታችሁ ወይም ከአያታችሁ ጋር ቡና ተፈልቶ ሳለ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። «ቀኑን በምን ነበር የምትቆጥሩት? መጀመሪያ ጊዜ ማን ነበር ከእናንተ ጋር? ምን አሏችሁ?» ወንዶች ልጆችም አባቶቻችሁን ጠይቁ፤ ምግቡን እስከ ድንጋዩ ያደረሰ ወንድ ልጅ ነበር ወይ? ያ ሰባት ቀን ቤቱ እንዴት ይውል ነበር? እናቶችም ስትጠየቁ እባካችሁ «ተይው» አትበሉ። እንዳላችሁ ተናገሩ፣ ሳታሳምሩም ሳታስቀይሙም። እኛ በሁለቱም ቋንቋ እንጽፈዋለን። ስም የማይፈልግ ያለ ስም ይጻፍለታል። የሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይ ለዚህ ገጽ እንይዛለን፤ ጽሑፋችሁን ወይም የድምፅ ቅጂያችሁን ለማኅበራችን አስተባባሪዎች ስጡ።